«አቶ» የጎደለው መዝገብ

ክብር ለሚገባው ክብርን እንስጥ። በ1988 ዓ.ም. በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ ስሙን ብጠራው ትሕትናው በሚጎዳበት አንድ መሥሪያ ቤት፣ ሰውን በማክበር አቻ ያልተገኘለት መዝገብ ቤት ነበር። ኃላፊው አቶ ገብረየስ ሰውን በባዶ ስሙ መጥራት እንኳን በወረቀት በአፍም ነውር ነው ብለው ስለሚያምኑ፣ ገና በንጉሡ ጊዜ መዝገቦቹን በፊደል ተራ ሲደረድሩ ማዕረግ አስቀደሙ። ስለዚህ የወንድ ሁሉ መዝገብ በ«አቶ» ምክንያት «አ» ውስጥ ገባ፤ የሴቱ ደግሞ በ«ወይዘሮ» ምክንያት «ወ» ውስጥ። የቀረው መደርደሪያ ባዶውን በየሳምንቱ ይወለወላል።

ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። በደርግ ጊዜ ሰው ሁሉ «ጓድ» ሲባል አርባ ሺህ መዝገብ ወደ «ገ» ተጋዘ፤ ሰባት ወር ፈጀ። መንግሥት ሲለወጥ ሁሉም ወደ «አ»ና ወደ «ወ» ተመለሰና ሁለት ሠራተኞች ወገባቸውን ይዘው ቀሩ። ታሪክ እንዲህ ነው የሚጠበቀው እንግዲህ!

አንድ ሐሙስ ጠዋት የገርጂው ገበሬ አቶ ዳጪ እያለከለኩ መጡ። ግቢያቸው ለባለሀብት ተሰጥቷል። የአባታቸውን የይዞታ መዝገብ ግልባጭ እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ካላቀረቡ ቤታቸው ሰኞ ይፈርሳል።

«የአባትዎ ስም ማን ነው?»

«ጋዲሳ።»

«አቶ ጋዲሳ!» ብለው አረሙ አቶ ገብረየስ። «እንግዲያው "አ" ውስጥ ናቸው። ትዕግሥት ካለዎት በዓመት ከመንፈቅ እናገኛቸዋለን።»

የክፍሉ ጸሐፊ ራሕማ ግን አሰብ አደረገች። «አባባ፣ አባትዎ ገበሬ ነበሩ አይደል? በንጉሡ ጊዜ ገበሬን ማን አቶ ይለው ነበር?»

ሄዳ የ«ገ»ን መደርደሪያ ብታይ፣ ጓዶቹ ሲሄዱ የቀረች አንዲት መዝገብ መወልወያ በማይደርስበት ጥግ ላይ ተኝታለች፦ «ጋዲሳ፣ የገርጂ ገበሬ»። አቶ ዳጪ መዝገቧን ስመው አለቀሱ።

«ተባረኪ ልጄ! ቤቴን አተረፍሽልኝ!»

የአቶ ገብረየስ ፊት ግን በርበሬ መሰለ። «ምን ጉድ ነው ይሄ! የሰው አባት እንዲህ ባዶ ስሙን?»

«ግድ የለም፣ አባቴ ሞቷል፣ አይቀየምም። ግልባጩ ላይ ማኅተም ብቻ ይምቱልኝ።»

«እርስዎ ቢተዉት እኔ አልተውም!»

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ፎቶ ኮፒ እናንሳው፤ ከዚያ ይታረማል» አለች ራሕማ።

«ያለ ቦታው ከተገኘ መዝገብ ግልባጭ አይሰጥም፤ መመሪያ ነው። ቦታው ይግባና በማመልከቻ ይጠየቃል።»

በቀይ ቀለም «አቶ» ብለው ጻፉበት፣ አንብበው ረኩ፣ ታቅፈውትም ወደ «አ» ክፍል ገቡ። አድልዎ እንዳይሆን ባገኙት ክፍተት ሸጎጡት። ሲመለሱ እጃቸው ባዶ ነበር።

«እንኳን ደስ ያለዎት! አባትዎ ከእኩዮቻቸው ጋር ተቀላቀሉ።»

«የቱ ጋ አስቀመጡት?»

«"አ" ውስጥ ነዋ!»

ራሕማና አቶ ዳጪ እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ሲፈልጉ ቆዩ። በ1953 ዓ.ም. ስለ ጠፋች በቅሎ የቀረበ አቤቱታ አገኙ። ጎረቤቱ አውራ ዶሮውን ዝም እንዲያሰኝለት አንድ ደራሲ ያቀረበውን ክስም አገኙ። ጋዲሳን ግን አላገኙም።

ሰኞ ዶዘሩ መጣ። ትእዛዙ «ለተከበሩ አቶ ዳጪ» ብሎ የሚጀምር፣ ለዓይን የሚያሳሳ ደብዳቤ ነበር። አቶ ገብረየስም ራሕማን አስከትለው ለማጽናናት ተገኙ። አቶ ዳጪ ፍርስራሹ ላይ ተቀምጠው ቀና አሉ።

«አባቴን ማንም አቶ ብሎት አያውቅም፤ ከዚህ ቤት ግን ማንም አላስነሣውም። እኔ ይኸው ተከብሬ ሜዳ ላይ ቀረሁ።»

አቶ ገብረየስ እንባቸው መጣ። «ግሩም ንግግር ነው! ለታሪክ ይቀመጥ!» ብለው ራሕማን አስጻፏት።

ራሕማ ቃል በቃል ጻፈች። የተናጋሪው ስም ላይ ስትደርስ ግን «አቶ»ን ሆን ብላ ዘለለችው። እኔም ታሪኩን «ደ» መደርደሪያ ላይ በአንድ ደቂቃ ያገኘሁት ለዚህ ነው።