የመቀስ አረንጓዴ ሶስ

(ጠባብ ማድ ቤት። መስኮቱን እንፋሎት ሸፍኖታል፤ ኦቨኑ ውስጥ ዶሮ እየበሰለ ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ምድጃ ዙሪያ ይጋፋሉ። አንደኛው ፀጉር አስተካካይ ነው፤ የሚያውቀው ሁሉ «መቀስ» ይለዋል፤ የሱቁን ሽርጥ እንዳገለደመ ነው። ሁለተኛው ጎሚስታ ነው፤ ጎማ ሲጠግን ውሎ አሁን ገና እጁን መታጠቡ ነው። ቤት ተጋርተው ይኖራሉ።)

መቀስ: እስኪቀላ አቁላላው አላልኩህም?

ጎሚስታው: ብለኸኛል።

መቀስ: ታዲያ ለምን ሳይቀላ አወረድከው?

ጎሚስታው: ቀይ ሽንኩርት ነው እኮ። ስገዛው ቀይ ነበር፣ ስልጠው ቀይ ነበር፣ ድስቱ ውስጥ ሳየውም ቀይ ነው። ከዚህ በላይ ምን ይቅላ ብዬ አወረድኩት።

መቀስ: (ግንባሩን ይዞ) ወንድሜ፣ «ቀይ» ስሙ ነው እንጂ መልኩ አይደለም።

ጎሚስታው: እንደ ነጭ ሽንኩርት?

መቀስ: ነጭ ሽንኩርትማ መልኩም ነጭ ነው።

ጎሚስታው: ቀዩን ብቻ ለምን ለዩት ታዲያ?

መቀስ: እኔ ምግብ ልሥራ ወይስ አንተን ላስተምር? መልሰህ ጣደው። ዛሬ ማን እንደሚመጣ ረሳኸው እንዴ?

ጎሚስታው: አልረሳሁም። እጮኛህ ልብስ ሰፊዋ ትመጣለች።

መቀስ: እሷማ ትምጣ፤ እሷ ምን ችግር አለባት። ታላቅ ወንድሟም አብረው ይመጣሉ፤ ጋሼ ሾፌሩ። እህታቸውን ለማን እንደሚሰጡ በዓይናቸው ካላዩ እሺ አይሉም። ጓደኛችንን አናጢውንም የጠራሁት በመሀል በመሀል እኔን እያነሳ እንዲያሞግሰኝ ነው።

ጎሚስታው: አናጢው ሁለተኛ እዚህ ቤት እህል አልቀምስም ብሎ አልነበር? ያንን የዓሣ ኬክ ካበላኸው በኋላ።

መቀስ: ዓሣው ምንም አልነበረበትም። አዲስ ነገር የማይቀበል ሆድ አለ፤ የሱ ሆድ እንደዚያ ነው።

ጎሚስታው: የኔም እንደዚያ ነው መሰለኝ። ያኔ አብረን ነው የታመምነው።

መቀስ: በል አሁን ጆሮህን ስጠኝ። እኔ ሶሱን ልሥራ። አንተ ሾርባውን ጠብቅ። ዓይንህን ከድስቱ ላይ እንዳታነሳ።

ጎሚስታው: እሺ።

መቀስ: ሲፈላ ንገረኝ።

ጎሚስታው: እሺ።

(መቀስ ጀርባውን ሰጥቶ አቮካዶ ይፈጫል። ጎሚስታው ሁለት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ድስቱ ላይ አፍጥጧል።)

መቀስ: ይሄ ሶስ እዚህ ሰፈር ተሠርቶ አያውቅም። ትናንት የአንድ ደንበኛ ፂም እየላጨሁ፣ አንዲት ፈረንጅ ስትሠራው የሚያሳይ ቪዲዮ ስልኬ ላይ መጣልኝ። አቮካዶ፣ የእንቁላል አስኳል፣ እርጎ፣ የወይራ ዘይት፣ ሎሚ፣ ማር።

ጎሚስታው: ማር ከዶሮ ጋር?

መቀስ: የገባቸው ሰዎች ጣፋጭና ጨዋማ ብለው አይከፋፍሉም።

ጎሚስታው: ሴትየዋ የምታወራው ቋንቋ ይገባሃል እንዴ?

መቀስ: ቃል በቃል ባይሆንም መንፈሱ ይገባኛል።

ጎሚስታው: ጨው ምን ያህል ነው አለች?

መቀስ: ጨው አልጨመረችም።

ጎሚስታው: ለምን?

መቀስ: ረስታው ነዋ። እኔ አስታውሼ ጨመርኩላት። (አየሩን ያሸታል) ምንድነው የሚሸተኝ?

ጎሚስታው: ድንቹ ይመስለኛል። መጥበሻው ላይ ያለው።

መቀስ: ተቃጠለ?

ጎሚስታው: እኔ እንጃ። አላየሁትም። ዓይኔን ከድስቱ ላይ አላነሳሁም።

(መቀስ ዘሎ መጥበሻውን ያነሳል። ድንቹ ከሰል መስሏል።)

መቀስ: ሾርባውስ? ሾርባው የት ሄደ?

ጎሚስታው: ገንፍሎ ወጣ። ፈልቶ ነበር እኮ።

መቀስ: ሲፈላ ንገረኝ አላልኩህም?

ጎሚስታው: ልነግርህ ስል አንተ ስለ ማሩ እያወራህ ነበር። ባለፈው ደንበኛ ፊት ንግግርህን ባቋርጥብህ ሁለት ቀን ኮርፈኸኛል።

መቀስ: አንተ ሰው፣ ዛሬ ቆሽቴን ልታሳርረው ነው?

ጎሚስታው: ቆሽትም ጥደናል እንዴ?

(በር ይንኳኳል። መቀስ ባለበት ደርቆ ይቀራል።)

መቀስ: መጡ። ሂድ ክፈት። ፈገግ በል። «ቤት ለእንግዳ» በላቸውና አስቀምጣቸው። ስለ ድንቹ እንዳታነሳ።

(ጎሚስታው ይወጣል። ከሳሎን የሰላምታና የወንበር መጎተት ድምፅ ይሰማል። ይመለሳል።)

ጎሚስታው: ተቀምጠዋል። ጋሼ፣ «ምን እየተቃጠለ ነው?» ብለው ጠየቁ።

መቀስ: ምን አልካቸው?

ጎሚስታው: ስለ ድንቹ እንዳላነሳ ተነግሮኛል አልኳቸው።

መቀስ: (ለአፍታ ዓይኑን ጨፍኖ) ይሁን። ዶሮዋ አለች። ዶሮዋ ካማረች ማንም ድንች አያስታውስም። አውጣት።

(ጎሚስታው ዶሮዋን ከኦቨን ያወጣል። ወርቅ መስላለች።)

ጎሚስታው: ጉድ ነው፤ እንዴት አምራለች። እንዲሁ ላቅርባት?

መቀስ: ቆይ እንጂ። መጀመሪያ ትንሽ ትረፍ።

ጎሚስታው: አርፋለች እኮ። ከሱቅ ስናመጣትም አርፋ ነበር።

መቀስ: ከኦቨን ወጥታ ትረፍ ነው ያልኩህ።

ጎሚስታው: እሺ። ነፍሷን ይማር።

መቀስ: አሁን ይሄን ሶስ ተመልከት። (አረንጓዴ ቅባት የሞላ ጎድጓዳ ሳህን ያነሳል) ከላይ እስከ ታች ቀባት። እንደሱ አይደለም፤ እንደ ግድግዳ አትለስናት። በጣቶችህ ጫፍ እሽት እያደረግህ። ወደ ውስጥ እንዲሰርግ። ሴትየዋ ደጋግማ በጣቷ ያሳየችው ይሄንን ነው። ሥሩ ድረስ ይግባ ነው የምትለው።

ጎሚስታው: ዶሮ ሥር አለው እንዴ?

መቀስ: መንፈሱን ያዝ አልኩህ እኮ።

ጎሚስታው: እንዲሁ ብናቀርባት አይሻልም? ወርቅ መስላ አሁን አረንጓዴ ሆነች።

መቀስ: ለዚህ ነው አንተ ጎማ የምትጠግነው እኔ ደግሞ ሰው የማሳምረው። ወስደህ አቅርብ። እኔ ሌላ ድንች ልላጥ።

(ጎሚስታው ዶሮዋን ይዞ ይወጣል። ባዶ እጁን ይመለስና ጥግ ላይ ካለች በርጩማ ላይ ተቀምጦ የመቀስን ስልክ ያነሳል።)

መቀስ: ምን አሉ?

ጎሚስታው: ገና ምንም አላሉም። እያዩዋት ነው። ቪዲዮውን ልይ እንዴ? ስለ ማስጌጫ የምታሳየው ነገር ካለ።

መቀስ: እይ። እኔ ግማሹን ሳየው ገብቶኛል። የገባው ሰው መጨረሻ ድረስ አይጎተትም።

(ከስልኩ የሴት ድምፅና ለስላሳ ሙዚቃ ይሰማል። መቀስ ድንች ይልጣል።)

ጎሚስታው: ቀላቅላ ጨረሰች።

መቀስ: እኔም ጨርሻለሁ።

ጎሚስታው: አሁን ፀጉሯን ፈታች።

መቀስ: ደክሟት ነው። ማድ ቤት ያደክማል።

ጎሚስታው: ዶሮ ግን አላወጣችም።

መቀስ: ዶሮውን ሌላ ሰው ነው የሚያወጣላት። ትልልቅ ማድ ቤት ውስጥ ሥራ ይከፋፈላል። እዚህስ ቢሆን አንተ አይደለህ ያወጣኸው?

ጎሚስታው: ሶሱን ዛቀችና አናቷ ላይ አደረገችው።

መቀስ: ሙቀቱን እየለካች ነው። አንዱ በክንዱ ይለካል፣ ሌላው በአናቱ ይለካል። እንደ አገሩ ነው።

ጎሚስታው: ፀጉሯን በሙሉ ቀባችው።

መቀስ: ጠንቃቃ ሴት ናት።

ጎሚስታው: ፎጣ ጠመጠመችበት።

መቀስ: ንጽህና ነው። ምግብ ውስጥ ፀጉር እንዳይገባ።

ጎሚስታው: ፀጉሩ ውስጥ የገባው እኮ ምግቡ ነው።

(የድንቹ ልጣጭ ከመቀስ እጅ ይወድቃል።)

መቀስ: ስልኩን አምጣው።

ጎሚስታው: ቆይ፣ እየታጠበች ነው። (ስልኩን ያዞርለታል) እይ፣ እንዴት እንደሚያበራ። ሐር ነው የሚመስለው።

(መቀስ ያያል። ደግሞ ያያል። ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ እያለ መሬት ላይ ይቀመጣል።)

መቀስ: ጉዴ ፈላ።

ጎሚስታው: ላውርደው?

መቀስ: ዕድሜዬን ሙሉ ፀጉር ስሠራ ኖሬ የፀጉር ቅባት ጠፋብኝ?

ጎሚስታው: ጨው ስለጨመርክበት ነው የጠፋብህ።

መቀስ: በልተዋል?

ጎሚስታው: እኔ ስወጣ ጋሼ ትልቅ ጉርሻ ሊያነሱ ነበር።

መቀስ: ሩጥ። ሳህኑን አንሳ። ቀዝቅዟል፣ እናሙቀው በላቸው። ሌላ ቃል እንዳይወጣህ። በሞቴ።

(ጎሚስታው ይወጣል። ከሳሎን አንድ ሰው ያስነጠሰ የሚመስል ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ ቤቱ በሳቅ ይናወጣል። ጎሚስታው ባዶ እጁን ይመለሳል።)

መቀስ: ሳህኑስ?

ጎሚስታው: አልሰጡኝም።

መቀስ: ቀዝቅዟል አላልክም?

ጎሚስታው: ብያለሁ። ጋሼ «እጄን አቃጠለኝ እኮ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ምን እንደምል አልነገርከኝም። እውነቱን ነገርኳቸው።

መቀስ: (ፊቱን በሽርጡ ይሸፍናል) በቃ፣ እጮኛዬ ሄደች።

ጎሚስታው: የት ትሄዳለች፤ እንባዋ እስኪወርድ እየሳቀች ነው። አናጢውማ ከወንበሩ ወርዶ ምንጣፉ ላይ ነው። ጋሼም ሳቁ። እኔ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ ጥርስ አላቸው። ሶሱን በዳቦ ጠራርገው ወደ ጎን አድርገው ዶሮዋን እየበሉ ነው። ከሥር ያለችው ዶሮ ደህና ናት አሉ።

መቀስ: ጋሼ ናቸው እንዲህ ያሉት?

ጎሚስታው: ሌላም ብለዋል። «እህቴ እንዲህ ስትስቅ ካየሁ ቆይቻለሁ። ቤቷ ሳቅ ካለ ማድ ቤቱን እሷ ትይዘዋለች» አሉ።

(መቀስ ከመሬት ይነሳል። ሽርጡን ያቃናል። ጉሮሮውን ይጠርጋል።)

መቀስ: አየህ? እኔ መጀመሪያም ሰውን ማቀራረብ ነው የፈለግኩት። ምግብ ሰበቡ ነው። ይሄ እንግዲህ ሁሉም ሰው የሚገባው ነገር አይደለም።

ጎሚስታው: አንድ ጥያቄ ግን አላቸው።

መቀስ: ስለ አሠራሩ ከሆነ ወጥቼ አስረዳቸዋለሁ።

ጎሚስታው: ስለ ሱቅህ ነው። ጋሼና አናጢው ሁለቱም አንተ ጋ አይደል የሚስተካከሉት?

መቀስ: ድሮም። እኔን ትተው የት ይሄዳሉ?

ጎሚስታው: ጋሼ እየሳቁ ሳለ ድንገት አቆሙና እጃቸውን አናታቸው ላይ አደረጉ። «የፀጉሩን ቅባት ዶሮ ላይ ካደረገ፣ ሱቁ ውስጥ እኔን የሚቀባኝ ምንድነው?» አሉ። ፀጉራቸው የሳሳው በዕድሜ መስሏቸው ነበር።

(መቀስ አንድ የተላጠ ድንች አንስቶ መልሶ ያስቀምጣል።)

መቀስ: እሱንም ከቪዲዮ ነው ያየሁት።

ጎሚስታው: (የገዛ አናቱን ቀስ ብሎ እየዳበሰ) እስከ መጨረሻው አይተኸዋል?

(ከሳሎን አንድ ወንበር ወደ ኋላ ሲገፋ ይሰማል፤ ከዚያ ወደ ማድ ቤቱ የሚመጣ ከባድ ኮቴ። መቀስ እጁን ዘርግቶ መብራቱን ያጠፋል።)