ታላቁን የማያልፍ አጥቂ

በዚያ ዘመን የማይገመገም ነገር አልነበረም። መሥሪያ ቤቱ ይገመገማል፣ ቀበሌው ይገመገማል፣ ገምጋሚው ራሱ በተራው ብድግ ብሎ ግለ ሂስ ያደርጋል። ነገሩ እንደ ጉንፋን የሚጋባ ሳይሆን አይቀርም። እኛም የአቃቂ ሰዎች ቅዳሜ ከሰዓት ሜዳ ዳር ድንጋይ ድንጋያችን ላይ ተቀምጠን፣ ኳስ የሚጫወቱ ልጆችን እንገመግም ነበር። «የዚህኛው ጠንካራ ጎኑ ሩጫው ነው፤ ደካማ ጎኑ ኳሷን ጥሏት መሮጡ ነው።» ኧረ እናንተም ብትሆኑ ያው ናችሁ! የገዛ ልጁ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰ የሚጠፋው አባት፣ የጎረቤቱ ልጅ በየትኛው እግሩ እንደሚመታ ከእንቅልፉ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁት ይነግራችኋል።

በየሳምንቱ ስንጨቃጨቅ ኖረን ያለ ክርክር የተስማማንበት አንድ ልጅ ብቻ ነበር፤ ሙሉቀን። ሲራመድ ላየው ከሕመም የተነሣ የሚመስል ቀጫጫ። ኳስ ግራ እግሩ ሥር ስትገባ ግን ወዮ ለተከላካይ! አንዴ ወገቡን ሲያወዛውዝ የተከተለው ሁሉ ሌላ አቅጣጫ ሄዶ ይቀራል። አባቱ የሞቱት እሱ ገና ሕፃን ሳለ ነው። ያሳደጉት እናቱ እትዬ ወርቅነሽ ናቸው፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቀኑን ሙሉ ማሽን ሥር ቆመው። ያን ሰሞን ደግሞ ፋብሪካው ሠራተኛ ሊቀንስ ነው የሚል ወሬ ይናፈሳል። ስለዚህ ለታዳጊ ቡድኑ ልጆች የሚመርጥ የአንድ ክለብ መልማይ ሙሉቀንን ሊያይ ይመጣል ሲባል፣ ለእኛ ጨዋታ የሆነው ነገር ለእነሱ እንጀራ ነበር።

መልማዩ አዲስ ቱታውን ለብሶ በሰዓቱ ከተፍ አለ። ከሳሪስ ሊመጡ የነበሩት ተጋጣሚ ልጆች ግን መኪና ተበላሽቶባቸው ቀሩ። ምን ይደረግ? «እኛ አለን!» አልን፣ ጤና ቡድኑ። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ጤና ቡድን ማለት ቦርጭ ለማጥፋት እሑድ እሑድ የሚሮጥ፣ ከዚያም ያጠፋውን ቦርጭ በጥብስና በቢራ የሚመልስ የጎልማሶች ማኅበር ነው። ተከላካዮቹ እኔና ጋሽ ለሚ ነበርን። ጋሽ ለሚ የዕድራችን ሰብሳቢ ናቸው። እኔ ደግሞ ሙሉቀንን አምስተኛ ክፍል ያስተማርኩት መምህሩ ነኝ። የዚያን ሁሉ ገምጋሚ አእምሮ ያመለጠችው ነገር ይህችው ነበረች።

ሙሉቀን ኳሷን ይዞ እየተጥመለመለ መጣ። ጋሽ ለሚ ፊት ሲደርስ ቀጥ አለ። አቀርቅሮ ወደ ኋላ አቀበለ። ደግሞ መጣ፤ እኔን ሲያይ ቀጥ! ጠባብ በር ላይ የተገናኘን ይመስል መንገዱን ለቆልኝ ይቆማል። ምን ያድርግ? እናቱ በታላቅ ሰው ፊት ማቋረጥ ነውር ነው ብለው ነው ያሳደጉት። መንገድ ላይ እንኳ ከኋላችን ከደረሰ እስክንታጠፍ ድረስ እንደ እኛው ያዘግማል እንጂ ቀድሞን አያውቅም። መልማዩ ሰዓቱን ማየት ጀመረ። 

«አንተ ልጅ፣ እለፈኝ!» ብዬ ጮህኩበት።

«ኧረ ጋሼ፣ ነውር ነው!»

«እለፈኝ አልኩህ! መምህርህ ነኝ፣ አዝሃለሁ!»

ትእዛዝ ከሆነማ ሌላ ነገር ነው። ኳሷን በእግሮቼ መሃል አሾልኮ እልም አለ። እኔ ልዞር ስል እግሬ ቀድሞኝ ዞረና ዘጭ አልኩ። ከበረኛው በቀር ፊቱ ማንም የለም፤ ጎሉ ወለል ብሏል። ሙሉቀን ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ኳሷን ትቶ ወደ እኔ ተመለሰ! «እኔን፣ ጋሼ! ተጎዱ እንዴ?» እያለ አቧራዬን ያራግፍልኝ ጀመር። በዚያች ሰዓት ላቅፈውም ልመታውም ፈልጌ ነበር።

መልማዩ እንባው እስኪመጣ ስቆ ሜዳ ዳር ቆመው ወደሚያዩት ወደ እትዬ ወርቅነሽ ሄደ። «እግሩን ወስጄዋለሁ፣ እናቴ» አላቸው። «ይሄን አስተዳደጉን ግን እዚሁ ትቶት ይምጣ።»

አይ አለመታደል! ለእናት እንዲህ ይባላል?

«እንግዲያው እግሩንም አልሰጥ!» አሉና ልጃቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው።

ለሚስት ጥየቃ ሽማግሌ ሆኜ አውቃለሁ፤ ለግራ እግር ግን ያ የመጀመሪያዬ ነው። እኔና ጋሽ ለሚ ጋቢያችንን ደርበን ሄድን። ተቀመጡ ስንባልም እንደ ደንቡ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለን ቆምን።

«ልጄን ባለጌ ላድርግላችሁ?» አሉ እትዬ ወርቅነሽ።

ጋሽ ለሚ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወርቅነሽ፣ ልጅ ታላቁን ካላለፈ ምኑን አደገ? እኔ ያፈርኩት ሳያልፈኝ ሲቀር ነው። ቢያልፈኝ ደስታዬ ነበር።»

ሴትዮዋ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አድርገው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «እለፋቸው እንግዲህ። ካለፍካቸው በኋላ ግን ተመልሰህ ይቅርታ ትላለህ። በሞቴ!» ሙሉቀን ቃሉን ሰጠ። እኛም ተቀመጥን።

ክለቡ ገብቶ የመጀመሪያ ግጥሚያውን የሚያደርግ ዕለት ሰፈሩ በሁለት ቅጥቅጥ አውቶብስ ታጭቆ ሄደ። እትዬ ወርቅነሽ ከመልማዩ ቀን በቀር የኳስ ጨዋታ አይተው ስለማያውቁ፣ አስረጂ ሆኜ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሙሉቀን ኳሷን እንደያዘ ከሱ በዕድሜ የሚበልጥ አንድ ግዙፍ ተከላካይ ገጠመው። አልቆመም! አታልሎ ጣለው፤ አገባ! እኛ ተቃቅፈን ስንዘል፣ እሱ ግን ደስታውን ትቶ ወደ ወደቀው ተከላካይ ሮጠ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለለት። ሰውዬው የተሾፈበት መሰለውና ብድግ ብሎ ማልያውን ጨመደደው። ዳኛው እየሮጠ መጥቶ ገላገላቸው። ከዚያ ኪሱ ገባና፣ በተጋጣሚህ አላግጠሃል ብሎ ለሙሉቀን ቢጫ ካርድ ከፍ አድርጎ አሳየው።

«ያቺ ቢጫ ነገር ምንድን ናት?» አሉኝ እትዬ ወርቅነሽ፣ ክንዴን ጥብቅ አድርገው ይዘው።

ምን ልበላቸው? እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ?

«ይቅርታ ለሚጠይቅ ልጅ የምትሰጥ ናት» አልኳቸው።

እትዬ ወርቅነሽ ከመቀመጫቸው ተነሥተው እልልታውን አቀለጡት።