የአሣው ሥፍራ ለዓለም ይከፈት፣ ለሐይቅ ሰው ይዘጋ ስለመባሉ

ቀን፦ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ ሐይቅ፣ ከአሣ አጥማጆች ማኅበሩ መረከቢያ ደጅ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር

የተገኙ፦
1. አቶ ኑርዬ፣ ሰብሳቢ
2. ወ/ሮ ዑምኩልሱም፣ ገንዘብ ያዥ
3. አቶ አብተው፣ አባል
4. ሙነወር፣ ጸሐፊና የዚህ ሁሉ ጣጣ ተሸካሚ
በእንግድነት፦ ሳጂዳ፣ የአሣ ተመራማሪ
ያልተገኘ፦ ጁማ። “መጣሁ፣ ጀምሩ” ብሏል። ከአምስት አራት ስለሆንን ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል።

አጀንዳ 1፦ የፈቃድ ጉዳይ

ሳጂዳ መረብ የምንጥልበትን ቦታ ከእኛው እየጠየቀች ያሰባሰበችው የሐይቁ አሣ የመረጃ ቋት ኢንተርኔት ላይ ሊወጣ ስለሆነ፣ ማኅበሩ ክፍት ፈቃድ እንዲሰጥ ጠየቀች። ይኸውም ማንም ሰው ምንጩን እስከጠቀሰ ድረስ በነፃ እንዲጠቀምበት ነው። ቆሮሶ የሚባለው አሣ ዓመት ከዓመት እያነሰ ስለሄደ፣ የሚራባበት ቦታ ቶሎ ካልታወቀ ልጆቻችን አሣን በፎቶ ብቻ ሊያዩት ነው አለች። አንዴ ከተከፈተ መልሶ መዝጋት እንደሌለም አስረዳች።

አቶ ኑርዬ “መረብ የምጥልበትን ቦታ ለአገር ላወራ ነው?” ሲሉ ተቆጡ። አቶ አብተው ለዓለም ይከፈት፣ ለሐይቅ ሰው ይዘጋ አሉ። ተደገፈ። ሰብሳቢው ውጫሌ ያለው አማታቸው አፉ ስለማያርፍ ለውጫሌም ይዘጋ ብለው አሻሻሉት። ወ/ሮ ዑምኩልሱም ጃፓን ያለ ሳይንቲስት ለውጫሌ ቢደውልስ ሲሉ ጠየቁ። “ወላሂ ይደውላል!” ተባለ። ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ማንኛውም የውጭ ሳይንቲስት ሐይቅ ድረስ መጥቶ በሼኩና በቄሱ ፊት ላይናገር እንዲምል ተወሰነ። የአውሮፕላን ቲኬቱን ማን ይከፍላል የሚለውን ጸሐፊው ቢያነሳ፣ “ዝም ብለህ ጻፍ” ተብሏል።

አጀንዳ 2፦ የካርታው ጉዳይ

ሳጂዳ የተነገራትን ቦታዎች በካርታ ስታሳይ፣ የአቶ ኑርዬ ምልክት የደሴ አስፋልት ላይ፣ የወ/ሮ ዑምኩልሱም ገበያው መሐል፣ የአቶ አብተው ደግሞ ገብስ ማሳ ውስጥ ወድቆ ተገኘ። የጸሐፊው የት እንደወደቀ መመዝገቡ አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም።

ሰብሳቢው እፎይ ብለው፣ እንዲህማ ከሆነ ለሐይቅም ለውጫሌም ይከፈት አሉ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ሳጂዳ ግን “ስሜ አለበት እኮ ጋሼ! አስፋልት ላይ ቆሮሶ ይጠመዳል ብዬ ልሙት?” ብላ እንባዋ መጣ። ጉባኤው አፍሮ አቀረቀረ።

በዚህ መካከል ጁማ ጀልባው ላይ ሆኖ፣ ሐይቁ ዳር ካለው ቄጠማ ሥር መረብ ሲጥል ታየ። አቶ ኑርዬ ዘለው ተነሥተው “አንተ ሌባ! ከእኔ ቦታ ውጣ!” አሉ። ወ/ሮ ዑምኩልሱም “የእኔ ነው እንጂ!” አሉ። አቶ አብተውም እንደዚያው። ጸሐፊውም፣ አላህ ይቅር ይበለው፣ ጮኋል። ለካ ሁላችንም በየተራ፣ ተደባብቀን፣ እዚያው አንድ ቦታ ስንጠምድ ኖረናል።

ሳጂዳ እንባዋን ጠርጋ ካርታው ላይ አንዲት ነጥብ አደረገች። “ቆሮሶው የሚራባው እዚያ ነው። ጫጩቱን ነው ስትጨርሱት የኖራችሁት” አለች።

ውሳኔ፦ ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። የሐሰቱ ቦታ ተሰርዞ፣ እውነተኛው ለሐይቅም፣ ለውጫሌም፣ ለጃፓንም ይከፈት። ቄጠማው ሥር ግን ከዛሬ ጀምሮ መረብ የሚጥል አይኑር። ምንጭ ሲጠቀስ የማን ስም ይቅደም የሚለው ጠብ ስላስነሳ ታልፏል።

ጉባኤው ከረፋዱ 5፡20 ተበተነ። ሁሉም ጁማን ለማስወጣት ወደ ጀልባው ስለሮጠ፣ የፈረመች ሳጂዳ ብቻ ናት።