አባ ቀጥታ አውቶቡስ አስቆሙ

በየቤተሰቡ ጡረታ ወጥቶ መንዳት ያላቆመ አንድ ሾፌር አለ። መኪና የለውም፤ ግን ይነዳል። ታክሲ ውስጥ ጋቢና ተቀምጦ ይነዳል፣ የጎረቤት መኪና ውስጥ ከኋላ ወንበር ሆኖ ይነዳል፣ አልጋው ላይ ተጋድሞ ደግሞ በውጭ የሚያልፈውን መኪና በጆሮው ይነዳል። "ይቺን ምስኪን በሁለተኛ ማርሽ የሚያስጮኻት ማነው?" ይላል፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። ቀኝ እግሩ ዘወትር የሌለ ፍሬን ይፈልጋል። እናንተም ቤት ይኖራል፤ እናንተ ቤት ከሌለ ጎረቤት አይጠፋም።

የእኛው ክቡር አማቼ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ነድተዋል። የሥራ ጓደኞቻቸው "አባ ቀጥታ" ይሏቸዋል፤ ስሙ የወጣላቸው መንገድ ላይ ስለማይቆሙ ነው። ከተነሱ ተነሱ፣ ቀጥሎ ያለው መድረስ ነው። ሕፃን ያለቅሳል፣ ሽማግሌ ይለምናል፣ ነፍሰ ጡር ታቃስታለች፤ አባ ቀጥታ በመስታወቱ አየት አድርገው ያቺን የታወቀች ቃላቸውን ጣል ያደርጋሉ፦ "ቻሉት፣ ደረስን!" ደረስን የሚሉት ገና ከከተማው ሳይወጡ ነው። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ድረስ፣ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ እንኳ፣ አስቀድሞ ሽንት ቤት የሚገባው የእሳቸው ልጅ ሆኖ ስላደገ ነው።

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም። አባ ቀጥታን የሰፈራቸው ቁና ፕሮስቴት ይባላል። ወንድ ሁሉ ያለው ዕጢ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ እያበጠ የሽንቱን መንገድ ያጠባል። መጀመሪያ ሽንታቸው ይቆራረጥ ጀመር። "መንገድ ተጨናንቆ ነው፣ ይለቃል" እያሉ ለማንም ሳይነግሩ ከረሙ። አንድ ቀን ጠዋት መንገዱ ጭርሱኑ ተዘጋ። ሆዳቸው ከበሮ አክሎ፣ ላብ በላብ ሆነው፣ የጎረቤታችን ልጅ በመኪናው ወደ ሆስፒታል ይዞን በረረ። በየጉድጓዱ "ኧረ ቀስ!" ይላሉ፤ ይህ ቃል ከአፋቸው ሲወጣ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ልጁ የሚለው ቢጠፋው፣ "አይዞዎት አባባ፣ ቻሉት፣ ደረስን!" አላቸው። ጭንቅላታቸውን ደግፌ ነበርና ዞረው ሲያዩኝ አየኋቸው። ለመሳቅ ፈልገው አልቻሉም።

ሐኪሙ ልባቸው ለቀዶ ጥገና እንደማይመች፣ ፊኛቸውም ደክሞ ሽንቱን ገፍቶ ማውጣት እንዳቃተው ነገራቸው። ከእንግዲህ በቀን ብዙ ጊዜ፣ በቀጭን ቱቦ፣ ራሳቸው ያወጡታል።

"እስከ መቼ?" አሉ።

"እንግዲህ አብሮዎት ይኖራል።"

አባ ቀጥታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

የዞረውን ፊት የመለሰችው ነርሷ ናት። ቱቦውን ስታሳያቸው፣ "ይሄን? እዚያ? በገዛ እጄ?" ብለው ጮኹ።

"በማን እጅ ሊሆን ነው አባቴ?"

"እጄ ይንቀጠቀጣል።"

"መጀመሪያ መሪ የጨበጡ ዕለት አልተንቀጠቀጠም? ማርሽ አላንጫጩም?"

"እኔ ማርሽ አንጫጭቼ አላውቅም!" አሉ፣ ከትራሳቸው ቀና ብለው።

"እንግዲያው ይሄንንም አያንጫጩም" ብላ ቱቦውን መዳፋቸው ላይ አኖረችው። እጅ በሳሙና መታጠብ፣ የቱቦውን ማሸጊያ መክፈት፣ የሚያሟልጨውን ቅባት መቀባት፣ መተንፈስ፣ ቀስ ብሎ ማስገባት። አይገፋም፣ አይታገልም። አባ ቀጥታ "ዳገት ላይ ማርሽ እንደ መቀየር ነው" ሲሉ እሷ ራሷ ደነገጠች፤ ከዚያ ወዲህ ሌሎቹንም በሽተኞች በዚሁ ምሳሌ ታስተምራለች አሉ።

ቤት የመጡ ዕለት ባለቤቴ ሽንት ቤቱ በር ላይ ቆመ። "አባዬ፣ ልግባና ላግዝህ?"

"እዚያው ሁን! አንድ መሪ ሁለት ሰው አይዝም!"

ባለቤቴ የበሩን እጀታ እንደያዘ ቀረ፤ እኔ ኩሽና ቆሜ የታጠበ ድስት ደግሜ አጥባለሁ። በመጨረሻ የሚንቆረቆር ድምፅ ተሰማ፤ ተከትሎም የአባ ቀጥታ ድምፅ፦ "ሄደች!" ባለቤቴ ግንባሩን በሩ ላይ ደግፎ ሲስቅ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሽንት ቤታችን ሽንት ቤት መሆኑ ቀረ። ጋራዥ ሆነ። የእሳቸውን ሳሙና የሚነካ የለም፤ የእሳቸው ፎጣ ላይ ልብስ አይሰቀልም። ሰዓታቸው ሲደርስ ወሬያቸውን መሀል ላይ ቆርጠው፣ "ዘይት ልቀይር" ብለው ይነሳሉ። ያወጡትን በመለኪያው ጆግ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው በብርሃን ይመረምሩታል። "ንጹሕ ነው። ይቺ ሞተር ገና ብዙ ትሄዳለች።"

ቱቦውን ደግሞ "ረዳቴ" ብለው ሰየሙት። አውቶቡስ ያለ ረዳት ወጥቶ ያውቃል? ትንሹ ልጄ ይህን ስም ወደደው። አንድ ቀን እንግዶች ተቀምጠው ሳለ "አባባ ከረዳታቸው ጋር ናቸው" ብሎ አረፈው። አንዷ እንግዳ ረዳቱ ማን እንደሆነ ብትጠይቀው፣ "ቀጭን ነው። ሽንት ቤት ውስጥ ይኖራል" አላት። ሴትዮዋ ሻይዋን ሳትጨርስ ሄደች።

እኛ ስናፍር እሳቸው ጭራሽ ሰባኪ ሆኑ። በራችን ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጡና ጸጉሩ ሸበት ያለውን ወንድ ሁሉ ያስቆማሉ። "ስማ እንጂ፣ ሽንትህ እንዴት ነው? ይቆራረጣል? ሌሊት ይቀሰቅስሃል? ታዲያ ምን ትጠብቃለህ፣ እንደኔ መንገድ እስኪዘጋብህ ነው?" ባለሱቁ እሳቸውን ሲያይ ከሱቁ በጓሮ በር ይወጣ ጀመር። ልብስ ሰፊው ግን ሰምቷቸው ሐኪም ዘንድ ታይቶ፣ በመድኃኒት ብቻ ተሻለው። አሁን ሱሪያቸውን የሚያሳጥረው በምርቃት ነው።

እንዲህ ቤት ውስጥ ንጉሥ ናቸው። ከግቢው በር ግን ብዙም አይርቁም፤ የዘይት ሰዓታቸው ሳይደርስ ተመልሰው ሊገቡ ከሚችሉት መንገድ አልፈው አይሄዱም። ይህ ባልከፋ። ግን አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው፣ በአውቶቡስ የግማሽ ቀን መንገድ የምትርቅ፤ እሷም የመጀመሪያ ልጇን ወለደች።

"አባዬ፣ መቼ ትመጣለህ?" ትላለች በስልክ።

"መንገዱ ተቆፍሯል አሉ።"

"ተጠግኗል እኮ።"

"ዝናቡ ይለፍ።"

ዝናቡም አለፈ። "እኔ በሌላ ሰው መሪ አልጓዝም" አሉ። በመጨረሻ ባለቤቴ ቀን ቆረጠላቸው። ጉዞው ሲቃረብ አባ ቀጥታ ውሃ መጠጣት አቆሙ፤ የድሮ ሾፌር መንገድ ሊወጣ ሲል ውሃ አይነካም። በሚነሱበት ጠዋት በትኩሳት ይንቀጠቀጡ ነበር። ሽንታቸው ደፍርሶ ሸተተ። ጉዞው ቀርቶ ክሊኒክ ገባን፤ ነርሷም ከመድኃኒቱ ጋር ቁጣዋን ጨምራ ሰጠቻቸው። ውሃ ካልጠጡ ፊኛው አይታጠብም፣ ይመረቅዛል።

ስንመለስ እኔም አላስቻለኝም። "አባባ፣ ራዲያተር አድርቀው ነው እንዴ መንገድ የሚወጡት?"

ቀስ ብለው፣ "ልጄ፣ አውቶቡሱ አይቆምም" አሉኝ።

"እናስቆመዋለና!"

"አንቺ አታውቂም። እኔ ነኝ የማውቀው። አይቆምም።"

ለካ ፍርሃታቸው ቱቦው አልነበረም። የሚፈሩት ራሳቸውን ነበር፤ በመስታወቱ አየት አድርጎ "ደረስን!" የሚለውን ሰውዬ።

ከርመው አንድ ቀን ልጃቸው ደውላ፣ "ልጄ መዳህ ጀመረች አባዬ። አያቷን በስልክ ድምፅ ብቻ ልታውቀው ነው?" አለቻቸው። ስልኩን ዘጉ። ተነስተው ከማሰሮው አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀዱና ቆመው ጨለጡት። "ትኬት ቁረጪ" አሉኝ። ባለቤቴ ሥራ ስለነበረው አጃቢዋ እኔ ሆንኩ። የታሸጉ ቱቦዎች፣ ቅባት፣ ሳሙና፣ በጀሪካን ውሃ፣ ለመከለያ ትልቅ ጃንጥላ። ሙሽራ እንኳ እንዲህ ተሰናድታ አትወጣም።

አውቶቡሱ በር ላይ ስንደርስ ሾፌሩ ከወንበሩ ብድግ አለ። የድሮ ረዳታቸው! ማርሽ ያስጨበጡት እሳቸው ናቸው። "ጋሼ! አባ ቀጥታ! ዛሬ በእኔ መሪ!" ብሎ አቀፋቸው። "አያስቡ፣ ልክ እንዳስተማሩኝ ነው የምነዳው። አንድም ቦታ አልቆም!"

አማቼ እኔን አዩኝ። እኔ ጀሪካኑን አየሁ።

ከሾፌሩ ጀርባ ተቀመጥን። የመጀመሪያውን መንገድ በደስታ ነዱት፤ ኩርባ ላይ እግራቸው ፍሬን ይረግጣል፣ ዳገት ላይ ትከሻቸው ይገፋል፣ እኔ ውሃ ሳቀብላቸው ይጠጣሉ። በኋላ እግራቸው ጸጥ አለ። መንዳታቸውን ተዉ። ግንባራቸው ላይ ላብ አየሁ።

"አባባ፣ ልንገረው?"

"ቆይ።"

በዚህ መሀል ከኋላችን አንዲት እናት፣ "ሾፌር፣ ልጁ ሽንቱ መጣበት፣ እባክህ አንዴ" አለች።

ሾፌሩ በመስታወቱ አየት አደረገ። እሷን ሳይሆን አስተማሪውን አይቶ፣ ፈገግ ብሎ፣ "ቻሉት፣ ደረስን!" አለ።

አባ ቀጥታ ብረቱን ይዘው ተነሱ።

"አቁም።"

"ምን ሆነ ጋሼ? ጎማ ነው?"

ጎማ ነው ማለት ይችሉ ነበር። አውቶቡሱ ሙሉ ባመናቸው፣ እኔም በመሰከርኩላቸው። ጥቂት ያሰቡም መሰለኝ።

"ጎማ አይደለም። ሽንት ነው።"

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። "የልጁ ነው?" አለ ሾፌሩ።

"የኔ ነው። እኔ ሽንቴን በቱቦ ነው የማወጣው፤ ሰዓቴ ደርሷል።" ሳቁ ጠፋ። "እዚያ ዛፉ ጋ፣ ቀኝህን ይዘህ። ፍሬኑን አትደፍጥጠው፣ ቀስ እያልክ!"

"ጋሼ፣ አይቆምም ያሉኝ እኮ እርስዎ ነዎት።"

"ያኔ ሾፌር ነበርኩ። አሁን ተሳፋሪ ነኝ።"

አውቶቡሱ ቆመ፤ እውነትም ቀስ ብሎ። ከዛፉ ጀርባ እጃቸውን አስታጠብኳቸው፤ ከዚያ ጀርባዬን ሰጥቼ ጃንጥላውን ዘረጋሁ። ትንሽ ቆይቶ ያ የማውቀው ድምፅ ተንቆረቆረ፤ እኔም አብሬ ተነፈስኩ። ዞር ብል አውቶቡሱ ባዶ ሆኗል። ያቺ እናት ከነልጇ፣ ወጣቱ፣ ሽማግሌው፣ "እንቸኩላለን" ሲል የነበረው ባለከረባት ሳይቀር በየቁጥቋጦው ተበትኗል። ሾፌሩ ራሱ ከድንጋዩ ጀርባ ሱሪውን እያስተካከለ ብቅ አለ።

ጃንጥላውን ላጥፍ ስል አንድ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ትንሽ ቦርሳ አቅፈው መጡ። ወደ አማቼ ጠጋ ብለው፣ "ወንድሜ፣ ጃንጥላውን አንዴ ያውሱኛል?" አሉ። ቦርሳዋን ሳይ ገባኝ። አባ ቀጥታም ገባቸው። ጃንጥላውን ከእጄ ተቀብለው ራሳቸው ያዙላቸው፣ እንደ ዘበኛ ቀጥ ብለው።

የቀረውን መንገድ ሁለቱ አብረው ተቀመጡ። የትኛው ቱቦ ለስለስ እንደሚል፣ የትኛው ቅባት ቶሎ እንደሚደርቅ፣ ስለ ጎማ እንደሚከራከሩ ሾፌሮች ሲሟገቱ ከእኔ ጋር ቃል አልተለዋወጡም።

ስንደርስ ልጃቸው በር ላይ አልቅሳ ተቀበለቻቸውና ሕፃኗን ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። ሕፃኗ አያቷን ትክ ብላ አየች፤ ከዚያ በአዲሱ ሱሪያቸው ላይ ለቀቀችው። እናቷ ልታነሳት ብትሮጥ አባ ቀጥታ በእጃቸው ከለከሉ። "ተያት፣ ተያት! የታደለች! ያለ ረዳት ነው የምትሄደው!"

አሁን በየጊዜው እንሄዳለን። ሾፌሩ እዚያ ዛፍ ጋ ሳይጠየቅ ይቆማል፤ ተሳፋሪውም "የአባ ቀጥታ ፌርማታ" ይለዋል። መንገዱ ከድሮው ይረዝማል፤ ምክንያቱም አማቼ እሳቸው ቢጨርሱም ሌላው ሳይወርድ አያስነሱም። በሩ ላይ ቆመው ወንበር ለወንበር ይመረምራሉ። "አንተ ባለኮፍያ! አትፈር፣ ውረድ!"

ለእኔም አይመለሱም። "አንቺ ልጅ፣ ውረጂ እንጂ!"

"የለኝም አባባ።"

"የለኝም ያለ ነው ኋላ የሚጮኸው። እኔን ጠይቂኝ!"

ምንም ሳይኖረኝ እወርዳለሁ። ዛፉን ዞሬ እቆምና ትንሽ ቆይቼ እመለሳለሁ። እሳቸው ጃንጥላቸውን ተደግፈው፣ የወረደ ሁሉ መግባቱን እያዩ፣ "ግቡ፣ ግቡ፣ ደረስን!" ይላሉ። ገና ግማሽ መንገድ ይቀረናል። ይቅረን፤ እኔ አልቸኮልኩም።