የዘሩ ነገር እና የጋሽ ሁሴን መልስ

የድስቱን ጨው ለማወቅ ድስቱን ሙሉ መጨረስ አያስፈልግም፤ አማስሎ አንድ ጭልፋ መቅመስ ይበቃል። የሕዝብን ሐሳብ የሚለኩ ሰዎችም ሥራቸው ይኸው ነው፤ ከብዙው ጥቂቱን በዕጣ አውጥተው ይጠይቃሉ። እኔም አምንበታለሁ። ብቻ ወጥ ይሉኝታ አያውቅም። እኛ የቆቦ ሰዎች ግን፣ አይ እኛ!

በደርግ ጊዜ ነው። ለገበሬ ማህበራችን ቶሎ የሚደርስ አጭር የማሽላ ዘር መጣ። እህሉስ ደህና ነበር፤ አገዳው ግን ከወገብ አያልፍም። እናንተ ከተሜዎች፣ አገዳ ደግሞ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። በበጋ በሬ የሚበላው፣ ምድጃ ውስጥ የሚነደው እሱ ነው እኮ! የድሮው ማሽላችን ሰውን ከነበቅሎው ይሰውር ነበር።

ከአጨዳ በኋላ አንድ ወጣት የእርሻ ባለሙያ መጣና «የከርሞው ዘር የሚወሰነው በእናንተ መልስ ነው» አለን። ጨዋ ልጅ ነው፤ መንገድ ዳር ያገኘውን ብቻ አልጠየቀም፣ የሁላችንንም ስም ባርኔጣው ውስጥ ጨምሮ ዕጣ አወጣ። ዕጣ የወጣለት ቤት ሁሉ ታዲያ እርጎ አቀረበ። በዚያ ፀሐይ ከዋጃ በእግሩ የመጣን እንግዳ «ያመጣህልን አይረባም» ማን ይለዋል? እኔም «እጅግ ጥሩ ነው፣ ልጄ» አልኩት። በሬዬ ጓሮ ባዶ ግርግም ይልስ ነበር።

ጎረቤቴ ጋሽ ሁሴን ብቻ «ወላሂ፣ ይሄ ዘር በሬ ይፈጃል» አለው። ልጁ እንደሄደ ተሰብስበን ወረድንበት፤ «አዋረድከን! እንግዳ ፊት እንዲህ ይባላል?» አንገቱን ደፋ። ባለሙያው ቆጥሮ ከአንድ ሰው በቀር ሁሉም ወዶታል አለና በዓመቱም ያው አጭሩ ዘር መጣልን።

በበጋው በሬዎቻችን መነሳት አቃታቸው። አገዳ የተረፈው የድሮውን ዘር ይዞ የቆየው ሁሴን ዘንድ ብቻ ነበር። እኛው ሰዳቢዎቹ ደጁ ተሰለፍን። አገዳውን እያነሳ ሰጠን።

ያን ሰሞን ባለሙያው ተመልሶ መጣ፤ ዕጣው ለጋሽ ሁሴን ወጣ። እኔ አገዳውን ተሸክሜ ከግቢው ልወጣ ስል ደረሰ። «ጋሼ፣ ዘሩስ እንዴት ነው?» አለው።

ሁሴን እኔን አየ። እርጎውን ለልጁ አቀበለና «እጅግ ጥሩ ነው፣ ልጄ» አለ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልጁን ተከትዬ እውነቱን ልነግረው ነበር። ግን ሰው በገዛ ቤቱ የተናገረውን ማፍረስ ነውር መስሎ ታየኝና ሸክሜን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።