ጋሽ ሥዩም የነኩት የበረዶ ሞተር

ሐበሻ ሦስት ቤተሰብ ሆኖ በሰፈረበት የአሜሪካ ከተማ ሁሉ፣ ቤተ ክርስቲያንም ሥጋ ቤትም ከመከፈቱ በፊት አንድ ሰው ቀድሞ ይገኛል። የሁሉን ሰው ዕቃ በነጻ የሚጠግነው ሰው ነው። ዕቃው እስኪበላሽ እንኳ አይጠብቅም፤ ሊበላሽ ሲያስብ ከተፍ ይላል። ገንዘብ አይቀበልም፣ ምሳ አይቀበልም፣ ከሁሉ በላይ ግን አስተያየት አይቀበልም። እሱ ጨርሶ ሲሄድ ባለቤቶቹ መጋረጃ ስበው እውነተኛውን ጠጋኝ ይጠራሉ።

በሲያትል ይህ ሥልጣን የጋሽ ሥዩም ነው። ክቡር ሊቀ መፍቻ ሥዩም ሃያ ስድስት ዓመት አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ በዝናብ ሁለት አውቶቡስ ቀያይረው፣ ከራሳቸው የሚከብድ የመፍቻ ሣጥን ተሸክመው የሚመጡ ሰው ናቸው። የተሰበረ ነገር ሲያዩ ፊታቸው ይበራል። ሳይጸልዩ ብሎን አይፈቱም። ከአሜን ቀጥሎ የምትመጣው ቃል ሁሌም አንድ ናት፦ «ይቺማ ምን አላት!»

ቱክዊላ የምትኖረው ወይዘሮ ጽጌ የልብስ ማጠቢያዋን ከሠሩላት ወዲህ ማጠቢያው በሠራ ቁጥር ከቦታው እየተነሣ እስከ ሳሎን በር ይመጣ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑን የድምፅ ማጉያ ያስተካከሉ ሰሞን ደግሞ የሰባኪው ድምፅ የሚሰማው ሕፃናት ክፍል ብቻ ሆነ። ምእመናኑ የሰባኪውን ከንፈር እያዩ ሃሌሉያ ሲሉ ሁለት እሑድ አለፈ። ለጋሽ ሥዩም ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። «ተባረኩ ጋሼ፣ እንደ አዲስ ሆነ» ተባሉ። በዚያ ዝናብ፣ በዚያ ሣጥን የመጣን ሽማግሌ ሌላ ምን ይሉታል?

ከእነዚሁ ምእመናን አንዱ ፍስሐ፣ እንጀራው የሰው ስህተት መፈለግ ነው። ሬድመንድ ባለው መሥሪያ ቤቱ ሌሎች የጻፉትን ኮድ እያነበበ፣ የተሳሳቱበትን ያለ ምሕረት ሲነግራቸው ይውላል። ይሁን እንጂ ሐሳቡ ከዚያ ከራቀ ቆይቷል። የዛሬ ሁለት ክረምት ከተራራው ማዶ ከነበረ የጸሎት ጉባኤ ሲመለስ፣ መንገዱ ተዘጋግቶ መኪናውን አቁሞ ወረደ። ፊት ለፊቱ ዳርቻው የማይታይ በረዶ ተዘርግቷል፤ ድምፅ የሚባል የለም። ከዚያ ቀን በኋላ ስብሰባ ላይ ተቀምጦ የሰው አፍ ሲንቀሳቀስ ያያል፣ እሱ ግን በዚያ ነጭ ሜዳ ላይ በእግሩ ይሄዳል። በመጨረሻ ከሥራ ባልደረባው በበረዶ ላይ የሚነዳ ያረጀ ሞተር፣ ስኖውሞቢል የሚሉትን፣ ገዛ።

ባለቤቱ ናርዶስ ሁለት ዓመት ሙሉ በረዶው ላይ አልሄድም ብላ፣ ለዚህ ቅዳሜ እሺ አለች። የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስልክ በማይሠራበት በረዶ መካከል ሞተሩ ቀጥ ብሎ መቅረት። ፍስሐ አይቆምም ብሎ ማለላት። በማግስቱ ሲያስነሣው ከጎኑ የጥርስ ማፋጨት የመሰለ ድምፅ ወጣ። የሞተሩን ጉልበት ወደ ሰንሰለቱ የሚያሻግረው ዘንግ፣ ጃክሻፍት የሚሉት፣ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ አልቆ ኖሯል።

ያኔ ስህተት ሠራ። ረቡዕ ማታ የቤት ለቤት ጸሎት ላይ «የጸሎት ርእስ ያለው?» ሲባል ስለ ሞተሩ ተናገረ። ጋሽ ሥዩም አሜን ሳይባል ዓይናቸውን ገለጡ።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ የፍስሐ ጋራዥ ውስጥ ነበሩ። ዝናቡ ጣሪያው ላይ በቀስታ ያንሾካሹካል፣ ማሞቂያው ይተነፍሳል፣ ግራሶና ቤንዚን ይሸታል። ጋሽ ሥዩም ጸለዩ፤ ለሞተሩ፣ ለፋብሪካው ሠራተኞች፣ ለበረዶውም ጭምር። ቺንጋውን አወጡ፣ መዘውሩን ፈቱ፣ ያለቀውን ኩሽኔታ ከነዝገቱ ጎትተው አስወጡ። አዲሱን ሲያስገቡ ያንጎራጉሩ ነበር፤ ፍስሐም መብራት እንደያዘ በሐሳብ ጭልጥ ብሎ ሄደ። ናርዶስ ወገቡን ይዛለች፣ ዛፎቹ ነጭ ለብሰው ወደ ኋላ ያልፋሉ፣ የሞተሩ ድምፅ ሳይቀር በበረዶው ይዋጣል።

የመዶሻ ድምፅ አባነነው። ጋሽ ሥዩም ኩሽኔታውን ከዘንጉ ጋር የሚቆልፈውን ቀለበት እየመቱ ሲያዞሩት ነበር። ፍስሐ መመሪያውን ሦስት ጊዜ አንብቦታል፤ ቀለበቱ የሚቆለፈው ዘንጉ በሚዞርበት አቅጣጫ ነው። እሳቸው ከወዲያ በኩል አጎንብሰው በተቃራኒው አዙረውታል። እንዲህ ከቀረ ዘንጉ በዞረ ቁጥር ይላላል፣ በመጨረሻም ሞተሩን አጉል ቦታ ያቆመዋል። ናርዶስ ከኋላ ተቀምጣ፣ ያውም ስልክ በማይሠራበት።

መፍትሔው ቀላል ነበር፣ መላው ከተማ የሚያውቀው። ተባረኩ ብሎ መሸኘት፣ ነገ ደብቆ ማሠራት። ተባረኩ ሊል አፉን ከፈተ። በዚህ መካከል ጋሽ ሥዩም ከደረት ኪሳቸው የተተኮሰ ነጭ መሐረብ አውጥተው ቀለበቱን በጥንቃቄ ሲወለውሉት አየ።  እኒህን ሰው ይወዳቸዋል፤ ከሚወዳቸው ሰዎች ሁሉ ደግሞ የሚዋሻቸው እሳቸውን ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣» አለ፣ «ቀለበቱ ወደ ተቃራኒው ነው የዞረው።»

ጋሽ ሥዩም መዶሻውን አስቀመጡ። የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጡ። ፍስሐ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«የጽጌ ማጠቢያስ?» አሉ።

ፍስሐ መሬት መሬቱን አየ።

«አውቃለሁ እኮ ልጄ። ከእኔ በኋላ ሌላ ሰው እንደሚጠሩ አውቃለሁ። አንድ ቀን በጽጌ ሰፈር ሳልፍ የጠጋኙ መኪና በሯ ላይ ቆሟል። እንዳታፍር ብዬ በሌላ መንገድ ዞሬ ሄድኩ።» መሐረቡን አጣጠፉ። «የሰው ዕቃ መጠገን ከጀመርኩ ዐሥራ ሁለት ዓመት ነው። አንድ ሰው ሥዩም ተሳስተሃል ቢለኝ ኖሮ፣ ይሄኔ ተምሬ ነበር።»

  ተነሥተው መዶሻውን ለፍስሐ ሰጡትና መብራቱን ራሳቸው ያዙ። ፍስሐ ቀለበቱን ፈትቶ፣ ዘንጉን በእጁ እያዞረ አቅጣጫውን አሳያቸው፤ እሳቸውም እንደ ተማሪ አንገታቸውን አስግገው አዩ። መታ መታ አድርጎ ቆለፈው፣ ትንሿን ብሎን አጠበቀ። ሌላውን ሁሉ መልሰው ገጥመው ሲያስነሡት ያ የጥርስ ማፋጨት የለም። ጋሽ ሥዩም ዓይናቸውን ጨፍነው ለረጅም ጊዜ አዳመጡት።

ቅዳሜ ጧት ተራራው ላይ በረዶው በዝግታ ይወርድ ነበር። ጋሽ ሥዩም ሙሉ ልብሳቸውን ከነከረባታቸው ለብሰው አብረው መጥተዋል። ናርዶስ እሳቸውን እንዳየች ሞተሩን መንካታቸው ገብቷታል፤ ባሏን በክፉ ዓይን አየችው። ጋሽ ሥዩም ግን ማንንም ሳያስፈቅዱ የራስ ቁሩን አጠለቁ።

«መጀመሪያ እኔ ልሞክረው፣» አሉ። «የሚቆምም ከሆነ እኔ ላይ ይቁም።»

አውቶቡስ በሚነዱበት ጥንቃቄ፣ ለመታጠፍ ምልክት የሚያሳዩ ይመስል ግራ እጃቸውን ዘርግተው ሄዱ። ከዛፎቹ ጀርባ ተሰወሩ። ድምፁ ቀጠነ፣ ቀጠነና ጠፋ። በረዶው ይወርዳል፤ ሁሉ ነገር ነጭ ነው። ናርዶስ የፍስሐን እጅ ያዘች። ፍስሐ ያን ሁሉ ጊዜ የተመኘው ጸጥታ ውስጥ ቆሞ፣ ጸጥታው እንዲሰበር ብቻ ጸለየ።

ቆይቶ በሌላ በኩል ድምፅ ተሰማ። ጋሽ ሥዩም በረዶ እንደለበሱ መጥተው ፊት ለፊታቸው አቆሙ። ወረዱ፣ የራስ ቁሩን አውልቀው ለናርዶስ ሰጧት። እሷ ተቀብላ ቆመች፤ አንዴ ሞተሩን አንዴ እሳቸውን ታያለች።

«ውጪበት የኔ ልጅ፣ አትፍሪ፣» አሏት ወደ ፍስሐ እያመለከቱ። «የሠራው እሱ ነው።»