ዜና ዴልፊና፦ ስለ አንድ ሣጥን ሶፍትና ስለ ሁለት ዐሥረኛ ነጥብ

ርዕሰ መምህር ትሬቪኖ በድራይ ፎርክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወንበር ላይ በተቀመጡ በአራተኛው ዓመት፣ የኳስ ቡድናችን በገዛ ሜዳው አርባ ዘጠኝ ለሰባት በተቀጠቀጠ በሁለተኛው ዓመት፣ የጉድጓድ ቆፋሪው የኤውሴቢዮ የልጅ ልጅ ዴልፊና ካንቱ በተወለደች በዐሥራ ሰባተኛው ዓመት፣ ከኬሚስትሪ ጋር በተዋወቀች በአምስተኛው ወር፣ በወርኃ ጥር፣ የቴክሳስ ጥድ ሁሉ ብናኙን እንደ ቢጫ ጢስ በከተማው ላይ በሚለቅበትና ድኻውም ሀብታሙም እኩል በሚያነጥስበት ሰሞን፣ በዕለተ ሐሙስ ከትምህርት መልስ፣ የገበያ አዳራሹ ገንዘብ ተቀባይ ሎርና ከመቀመጫዋ ተነሥታ፣ ዐይኗ የቀላውን አፍንጫዋ ያበጠውን ይህችን ልጅ በሁለት እጇ አቅፋ፣ ወረፋ የያዘው ሕዝብ ሁሉ እየሰማ እንዲህ ስትል አወጀች፦ «የኔ ቆንጆ፣ ለወንድ ብለሽ እንዲህ አትሁኚ! እኔ ሦስት አባርሬያለሁ፤ ይኸው አለሁ፣ ምን ሆንኩ? ሶፍት ግን አልቆብናል። ካሮት በቅናሽ አለ፣ ልስጥሽ?»

ሆኖም ይህች ባለ ቀይ ዐይን ልጅ በወንድ አላዘነችም፤ የሚያሳዝናትም ወንድ ገና አልተገኘም። ዐይኗን ያቀላው ጥዱ ነው፤ ሶፍቱንም የፈለገችው ለአፍንጫዋ ሳይሆን ለማርኳ ነው። ይህንንም ለማስረዳት አፏን ስትከፍት አነጠሰች፤ ሎርናም ባሰባት ብላ እንደገና አቀፈቻት።

ነገሩ ከሥሩ ሲነገር እንዲህ ነው። ከሦስት መቶው የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል ቀዳማውያን የሚባሉ ሠላሳ አሉ፤ ለእነዚህ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በር ያለ ልመና ይከፈታል። ሠላሳ አንደኛው ግን ስለ ገዛ ደግነቱ ድርሰት እየደረሰ፣ ምስክር እየለመነ፣ ደጅ ይጠናል። ዴልፊናም ሠላሳ አንደኛ ነበረች። አያቷ ኤውሴቢዮ አርባ ዓመት ሙሉ በኖራ ድንጋይ ላይ ቆሞ ውኃ የት እንዳለ በግምትና በጸሎት ሲፈልግ አይታ አድጋለችና፣ እርሷ ደግሞ ሳይቆፈር የሚታወቅበትን ጥበብ ልትማር ቆርጣ ነበር። በእርሷና በዚያ ጥበብ መካከል የቆመው የኬሚስትሪ ማርኳ ብቻ ነው፤ እርሱም ሰማንያ ዘጠኝ ነጥብ ሦስት። የትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ሰማንያ ዘጠኝ ነጥብ አምስትን አጠጋግቶ ዘጠና ያደርገዋል፣ ዘጠናም «ኤ» ይባላል፣ ኤ ያገኘችም እንደሆነ የሐራጅ ጠሪው ልጅ ቡን ኬትለር ከተቀመጠበት ከሠላሳኛው ወንበር ላይ ትወጣለች። የጎደላት ሁለት ዐሥረኛ ነው። እህል ቢሆን ለዶሮ አይበቃም።

ለዚህም መድኃኒት ነበረው፤ ናቀችው እንጂ። በመስከረም መባቻ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማሩ፣ የወላጅ ኢሜይል የማያንበረክካቸው፣ የተማሪ እንባ የማያርሳቸው ወይዘሮ ህሩስካ ሰሌዳውን በማርከራቸው ጀርባ እየመቱ ያወጁት አዋጅ ቃሉ ይህ ነው፦ «ስሙኝ! ማርክ አልጨምርም። ብትለምኑኝ አልሰማም፣ እናታችሁ ብትጽፍልኝ አላነብም። ትምህርት ቤቱ ሶፍት አይገዛልኝም፤ እናንተ ደግሞ ጥር ሲመጣ በእጅጌያችሁ ነው የምትናፈጡት፣ አውቃችኋለሁ። ስለዚህ ያልተከፈተ ባለ መቶ ሣጥን ሶፍት ለክፍሉ የሰጠ ግማሽ ነጥብ አለው። ለአንድ ሰው አንድ ሣጥን። የመንፈቁ የመጨረሻ ዓርብ፣ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ማብቂያ ሦስተኛው ደወል ሲደወል በሩ ተዘጋ። አለቀ!»

ሕዝቡም ሁሉ በማግሥቱ ሣጥን ሣጥኑን ተሸክሞ ገባ። ዴልፊና ብቻ አላመጣችም፤ ያን ጊዜ ማርኳ ዘጠና አራት ነበርና፣ ልቧ ታብዮ በምሳ ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ስትል አወጀች፦ «እኔ በጭንቅላቴ እንጂ በሶፍት አላልፍም!» ጓደኛዋ ማሪሶልም ጥሩምባ ነፊ ናትና ድምፅ ማስቀረት ትወዳለች፤ ይህን ቃል በስልኳ ቀረጸችው። ወእምዝ ሞል የሚባለው የቅንጣት ቆጠራ ምዕራፍ መጣ፤ የዴልፊናም ማርክ በጭቃ ላይ እንደቆመ በግ ተንሸራተተ። ማሪሶልም በየፈተናው ማግሥት ስልኳን ከፍታ ያንኑ አዋጅ ታሰማት ነበር።

ከሎርና እቅፍ ከወጣች በኋላ፣ አያቷ ኤውሴቢዮ በአሮጌ ፒካፑ እየነዳት ሁለት ነዳጅ ማደያ፣ አንድ የከብት መኖ መደብርና አንድ ፋርማሲ አዳረሱ፤ በሁሉም መደርደሪያው ባዶ ነበር፣ ጥዱ ከተማውን በሙሉ አራቁቶታልና። ባለ ፋርማሲውም ከመስኮቱ ብቅ ብሎ፦ «ሶፍት? እኔ ራሴ በቡና ማጥለያ ወረቀት ነው የምናፈጠው!» ብሎ አወጀ፤ ማስረጃውንም አሳየ። ሽማግሌውም መሪውን ጨብጦ፣ ለልጅ ልጁም ለመኪናውም እንዲህ ሲል አወጀ፦ «ልጄ፣ ውኃ የት እንደሚቆፈር ጠይቂኝ። ሶፍት የት እንደሚቆፈር ግን ማንም አላስተማረኝም። ቆይ... ቆይ እስቲ! ሰው ዓመቱን ሙሉ የሚያለቅስበት ቤት የት ነው?»

እንዲህም ሆነና ወደ ቀብር አስፈጻሚው ወደ አልቪን ዛፓላክ ቤት ደረሱ። ሶፍት በዚያ ቤት ከመሬት እስከ ጣሪያ ተደርድሮ ነበር። አልቪንም ጥቁር ከረባቱን አስተካክሎ፣ በወርቅ ቀለም «በከባድ ጊዜዎ ከጎንዎ ነን» የሚል ጽሕፈት ያለበትን፣ ማኅተሙ ያልተነካ ሐምራዊ ሣጥን በሁለት እጁ እያቀረበ፣ እንዲህ አወጀ፦ «ከዚህ ቤት ሳያለቅስ ሶፍት የወሰደ ሰው አላየሁም፤ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ። ውሰጂ። ብታልፊም ብትወድቂም በሬ ክፍት ነው፤ ብቻ አትቸኩዪ።»

በመንፈቁ የመጨረሻ ዓርብ ማለዳ ጀግናይቱ ሣጥኑን በጭኗ ላይ አድርጋ፣ እንደ ታቦት በሹራቧ ሸፍና ተጓዘች። ነገር ግን ከኬትለሮች አጥር አጠገብ ሲደርሱ ኤውሴቢዮን ጥዱ መታው፤ አንድ ጊዜ አነጠሰ፣ ሦስት ጊዜ፣ ሰባት ጊዜ፤ በሰባተኛው ዐይኑ ተዘጋ፣ ፒካፑም ወደ ኬትለሮች በሬዎች አዘነበለች። ዴልፊናም በአንድ እጇ መሪውን ይዛ፣ ማርክ ከነፍስ አይበልጥም ብላ፣ በሌላው እጇ ማኅተሙን ሰነጠቀችው። አያቷም «አንድ ብቻ ስጪኝ!» ብሎ አወጀ፤ ዘጠኝም ወሰደ።

የተከፈተ ሣጥን ወሬው ይቀድመዋል። በኮሪደሩ የተከተሏት ሠራዊት ስም ዝርዝር ይህ ነው፦ የማርሽ ባንዱ ጥሩምባ ነፊዎች ዐሥራ ሁለቱ፣ ሳይጠሯቸው የመጡ፤ ትግል የሚታገሉት የፍሪትስ መንትዮች፣ አንዱ ለወንድሙም ጭምር የወሰደ፤ ጥበቃው ሚስተር ኦቾዋ፣ ባርኔጣውን አንሥቶ አመስግኖ የወሰደ፤ የምክር ቢሮው ጸሐፊ፣ ለጠረጴዛዋ እፍኝ ሙሉ የዘገነች፤ ሌሎችም ስማቸው የማይታወቅ፣ አፍንጫቸው የታወቀ። ከፊት ከፊታቸውም ማሪሶል ስልኳን ከፍ አድርጋ ያን የመስከረም ቃል እያሰማች፣ «በሶፍት አላልፍም ያለችው እሷ ናት፤ ኑ ውሰዱላት!» እያለች ታውጅ ነበር። ዴልፊናም እምቢ ማለትን ከአያቷ አልወረሰችም፤ እርሱ ለጎረቤት የቆፈረው ጉድጓድ ለራሱ ከቆፈረው ይበልጣል። ስለዚህ እየሰጠች፣ በልቧም እያለቀሰች ሄደች።

በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሐምራዊው ሣጥን በወይዘሮ ህሩስካ ጠረጴዛ ላይ ቀረበ። የተቀደደውን አፉን አዩት፤ ከዚያ እርሷን አዩ። «አዋጁ ያልተከፈተ ይላል» አሉ። ዴልፊናም፦ «ቲቸር፣ አያቴ ሊሞትብኝ ነበር እኮ!» አለች። ወይዘሮ ህሩስካም ሣጥኑን አዙረው የወርቁን ጽሕፈት አነበቡና፦ «ተዘጋጅታችሁ ነበራ» አሉ። ክፍሉም ሳቀ፤ ማርከሩ ሰሌዳውን መታ። ከዚያም ፍርድ ሰጡ፦ «እሺ። ይኼ የኬሚስትሪ ክፍል ነው፤ በኬሚስትሪ እንጨርሰው። ሙሉው መቶ ግማሽ ነጥብ ካስገኘ፣ ላንቺ የጎደለሽን ሁለት ዐሥረኛ የሚሞላው ስንት ነው? ቶሎ!»

በሞል ምዕራፍ ሦስት ሳምንት የሰመጠችው ልጅ ዐይኗን ሳታርገበግብ «አርባ!» አለች፤ ማሪሶልም ስልኳን አጠፋች። ወይዘሮ ህሩስካም «ቁጠሪ» አሉ።

ወበውእቱ ሰዓት ሃያ ስምንት ተማሪ ትንፋሹን ውጦ ቆጠራውን ተከተለ። እያንዳንዷን በጠረጴዛው ላይ እየዘረጋች፣ በጣቷ እየዳሰሰች፣ ሁለቱ ተጣብቀው እንዳይሆን እየለየች ቆጠረች፤ ሠላሳን አለፈች፣ ሠላሳ ሰባትን አለፈች፣ አርባ ላይ ደረሰች፣ ከሥርም አንዲት ተጨማሪ ተገኘች። አርባ አንድ! ክፍሉም ዴስኩን ደበደበ። ወዲያውም ወይዘሮ ህሩስካ ራሳቸው፣ ከዐለት የተጠረቡት፣ አፋቸውን ከፈቱ፣ መነጽራቸው ወደቀ፣ አነጠሱ፤ እጃቸውም ያለ ፈቃዳቸው ወደ ጠረጴዛው ሄዶ አንዲቱን አነሣ። አርባ ቀረ። አርባም ይበቃል።

ያን ጊዜ በፊተኛው ረድፍ የሠላሳኛው ወንበር ጌታ ቡን ኬትለር ተሰማ። ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቷል፣ አፍንጫውን በሁለት እጁ አፍኖ ይዟል፣ በጣቶቹም መካከል ሊነገር የማይገባው መውረድ ጀምሯል፤ የታረመው የፈተና ወረቀቱም ከአገጩ በታች ተዘርግቶ ይጠብቃል። ከእጁ ውስጥ ሆኖ «ደኅና ነኝ፣ ደኅና ነኝ፣ አታዩኝ!» ብሎ አወጀ፤ ማንም አላመነውም። ዴልፊና አርባዎቹን ተመለከተች። ውኃውን አሰበች፣ ድንጋዩን አሰበች፣ አያቷ በባዶ ጉድጓድ አፍ ላይ ባርኔጣውን አውልቆ የሚቆምባቸውን ቀናት አሰበች። ማሪሶልም ከኋላ «ዴልፊ፣ እንዳትሞክሪው!» ብላ ጮኸች። እርሷ ግን አንዲቱን አንሥታ ለቡን ሰጠችው፤ እርሱም ተናፈጠ፤ ድምፁም ከጥሩምባ ነፊዎቹ ሁሉ ድምፅ ይበልጥ ነበር። ሦስተኛውም ደወል ተደወለ።

እንግዲህ ምን እንበል? አሸናፊ የተሸነፈውን ሲረዳ አይተን እናውቃለን፤ ያሸነፈን ሰው አፍንጫ የጠረገ ግን በድራይ ፎርክ ምድር ከዚህች በፊት አልተነሣም። ቁንጮዋ ኮከብ፣ የሶፍት እናት፣ የአስነጣሾች መጠጊያ፣ የኤውሴቢዮ ዘር ዴልፊና ሆይ፣ ጥድ ባበበ ቁጥር ስምሽ በየኮሪደሩ ይጠራ! ሎርና በሒሳብ ማሽኗ፣ አልቪን በዝምተኛ ደንበኞቹ ፊት ያመስግኑሽ! የኬትለሮችም በሬዎች፣ ከፒካፑ የተረፉት፣ ደወላቸውን እያቃጨሉ ይመስክሩልሽ!

እርሷም ይህን ሁሉ ምስጋና ሳትሰማ፣ የቀሩትን አንድ በአንድ ወደ ሐምራዊው ሣጥን መልሳ፣ ሣጥኑን ወደ መምህርቷ ገፋ አድርጋ፣ «ሠላሳ ዘጠኝ ነው፣ ቲቸር» ስትል አወጀች።

ወይዘሮ ህሩስካም ዐይናቸውን ማርክ ከሚያስገቡበት ኮምፒዩተር ሳያነሡ፣ በያዟት ሶፍት አፍንጫቸውን እየጠረጉ፦ «ለክፍሉ ነው ያልኩት» አሉ። «እኔና ቡን የት ያለን መስሎሽ ነው?»